መለዋወጫው አዲስ፣ መሪው ግን የላላ፤ ለምን?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደምበጫን፣ ጂጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እያቋረጠ ያልፋል። ሰብል በሚሰበሰብበት ወቅት በቆሎና በርበሬ የጫኑ መኪናዎች በዚህ መንገድ ይበረክታሉ። በጎዳናው ግራና ቀኝ ደግሞ ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ አህያውና ጋሪው አብረው ይጓዛሉ። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መሪው የማይታመን የጭነት መኪና ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

በአንድ ወቅት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆመን ሳለ የሰማነው የአንድ አይሱዙ ሾፌር አቤቱታ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። «ጋሼ፣ ኪንግፒኑ ተቀየረ፣ የቲራንቴው ጫፍ ተቀየረ፣ የፊት ባሌስትራውም ተፈትቶ ተሠራ፤ መኪናው ግን ከበፊቱ ባሰበት። በተለይ ባዶውን ስነዳው እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል» ነበር ያለው። አረጋዊው መካኒክ ገና ሳይመልሱለት አንዱ ረዳት «የመሪ ሳጥኑን እናጥብቀው» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለጊዜው ትክክል ይመስላል፤ የላላ ነገር መጥበቅ አለበትና። ነገር ግን በእርግጥ የላላ ነገር አለን?

ሦስት ሕመሞች በአንድ ስም

ሾፌሮች «መሪው ላላ» ሲሉ የሚጠሩት ነገር በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሕመሞችን ያጠቃልላል። የመጀመሪያው በመገጣጠሚያዎች መካከል የተፈጠረ ክፍተት ነው። ሁለተኛው የፊት ጎማዎች በራሳቸው ወደ ቀጥታ የመመለስ ጠባያቸው መዳከሙ ነው። ሦስተኛው፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ከመጠን በላይ መጥበቅ ነው። ሦስቱም ለሾፌሩ እጅ ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ፣ አንዳንዴም ተቃራኒ ነው።

ክፍተት በቁጥር ሲሰላ

ጎማውን ሳያንቀሳቅስ 5 ሳ.ሜ. ያህል በባዶው የሚዞር መሪ አለ እንበል። የመሪው ራዲየስ 22.5 ሳ.ሜ. ከሆነ ይህ ወደ 13 ዲግሪ ይጠጋል። መሪው 20 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ የሚዞር ቢሆን፣ በጎማው ላይ የሚታየው ልዩነት 0.6 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ኢምንት ይመስላል። ሆኖም ጎማው በዚህች ማዕዘን ዞሮ ሾፌሩ ለአንድ ሴኮንድ ሳያርመው ቢቀር፣ በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል 3.8 ሜትር ርቀት ያለው መኪና በሰዓት 40 ኪ.ሜ. ሲጓዝ ከመስመሩ 18 ሳ.ሜ. ያህል ይወጣል። ፍጥነቱ በእጥፍ አድጎ 80 ኪ.ሜ. ሲሆን ግን ልዩነቱ 36 ሳይሆን 70 ሳ.ሜ. ያህል ይደርሳል። መዛባቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነውና። በመንገዱ ዳር ለሚሄድ እግረኛ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከጋሪ የምንማረው

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ጎዳና ፈረስ የሚስበውን ጋሪ ልብ እንበል። ኃይሉ ከፊት እየሳበው ስለሆነ ጋሪው ፈረሱን ተከትሎ ይሄዳል። ያንኑ ጋሪ ከኋላ ለመግፋት ብንሞክር ግን አፍንጫው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማምለጥ ይጀምራል። የሚሳብ ነገር ይከተላል፤ የሚገፋ ነገር ይዋልላል።

የጭነት መኪና የፊት ጎማም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ጎማው የሚዞርበት ኪንግፒን ከጎን ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ አናቱ ወደ ኋላ ጥቂት አዘንብሏል። ይህ ማዘንበል «ካስተር» ይባላል። የኪንግፒኑን መስመር በሐሳባችን ወደ መሬት ብናስረዝመው፣ ጎማው መሬት ከሚረግጥበት ነጥብ ቀድሞ ያርፋል። ስለዚህ ጎማው እንደ ጋሪው ከኋላ ይከተላል፤ ወደ ጎን ሲያፈነግጥም የመሬቱ ኃይል ወደ ቀጥታ ይመልሰዋል።

የጎማው ራዲየስ 40 ሳ.ሜ.፣ ካስተሩም 3 ዲግሪ ቢሆን፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 40 በ3 ዲግሪ ታንጀንት ተባዝቶ 2.1 ሳ.ሜ. ይሆናል። መኪናውን በቀጥታ እንዲሄድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህች ከአውራ ጣት ስፋት እምብዛም የማትበልጥ ርቀት ናት።

ይህች ርቀት በጥገና ጊዜ በቀላሉ ልትጠፋ ትችላለች። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ሽብልቅ ይገባል። ካስተሩ ያለ ሽብልቁ 1 ዲግሪ፣ ሽብልቁ የሚጨምረው 2 ዲግሪ፣ ድምሩም 3 ዲግሪ ነው እንበል። ባሌስትራው ተፈትቶ ሲገጠም ሽብልቁ ፊቱ ወደ ኋላ ቢዞር፣ 2 ዲግሪ የሚጨምረው 2 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ካስተሩም ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ይሆናል። ይከተል የነበረው ጎማ አሁን እንደሚገፋው ጋሪ ሊሆን ይቃጣዋል። ላስቲኩ ራሱ መሬት ላይ በመለመጡ የተወሰነ የመመለስ ኃይል ቢኖረውም፣ ዋነኛ አጋዡን አጥቷል።

የኋላ ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ቅጠል ማስገባትም ተመሳሳይ ውጤት አለው። የኋላው ክፍል 10 ሳ.ሜ. ከፍ ቢል፣ 3.8 ሜትር ርዝመት ላይ ሻንሲው ወደ ፊት 1.5 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ካስተሩም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጭነት ሲጫን ኋላው ዝቅ ስለሚል ካስተሩ በከፊል ይመለሳል። ስለሆነም «ባዶውን ይብሳል» የሚለው የሾፌሩ ቃል ተራ ምሬት ሳይሆን ትልቅ መረጃ ነው።

የጠበቀው የላላ ሲመስል

አዲስ የኪንግፒን ቡሽ በልኩ ካልተሞረደ ወይም ግራሶ ካልደረሰው ኪንግፒኑን አንቆ ይይዛል። ጎማው በትንሽ ማዕዘን ብቻ ሲዞር ወደ ቀጥታ የሚመልሰው ኃይል አነስተኛ ነው፤ የቡሹ ፍትጊያ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ጎማው በተተወበት ይቀራል። ሾፌሩ ወደ ግራ ሲያርመው እዚያው ይቀራል፤ ወደ ቀኝ ሲመልሰውም እንዲሁ። ውጤቱ መንገዱን ሙሉ መዋለል ነው። ይህን ለማዳን የመሪ ሳጥኑን ማጥበቅ በፍትጊያ ላይ ፍትጊያ መጨመር፣ የሳጥኑንም ጥርስ ያለጊዜው መብላት ነው።

ቲራንቴውም ሊዘነጋ አይገባም። አዲሱ ጫፍ ከአሮጌው አንድ ዙር ብቻ ተለይቶ ቢገባና የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ 15 ሳ.ሜ. ርዝመት ባለው የጎማ ክንድ ላይ ይህ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 80 ሳ.ሜ. ዲያሜትር ባላቸው ጎማዎች ፊትና ኋላ ሲለካ ደግሞ 8 ሚ.ሜ. ልዩነት ያመጣል። የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት ዙር ጎማዎቹን ከፊት ለፊት ልታፈነጥቃቸው፣ መኪናውንም ልታዋልለው ትችላለች።

የምርመራው ቅደም ተከተል

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የኋላ ጎማዎቹም ይታገዱ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ጠንካራ መቆሚያ ያስፈልጋል።

1. የጎማዎቹ ነፋስ፣ መጠናቸውና የቸርኬ ቡሎኖቻቸው ይታዩ። ከአጭር ጉዞ በኋላ የአንዱ ጎን ታምቡር ከሌላው ይልቅ ቢግል ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው።

2. ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ አንድ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ፤ ሌላው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይመልከት። አንዱ ጫፍ ሲንቀሳቀስ ሌላው የሚዘገይበት ቦታ ክፍተቱ ያለበት ነው።

3. የፊት ጎማው ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። የሚናጋ ከሆነ ፍሬን ይረገጥ፤ መናጋቱ ቢጠፋ ችግሩ ከኩሽኔታው፣ ባይጠፋ ከኪንግፒኑ ነው።

4. ከመሪ ሳጥኑ የሚመጣው ዘንግ ይፈታና የተነሡት ጎማዎች በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዙሩ። ካንገራገሩ የጠበቀ ነገር አለ።

5. በሁለቱ ጎማዎች ኋላ፣ በመሐል አክስሉ ከፍታ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ ርቀቱ ይለካ። ከዚያ መኪናው ምልክቶቹ ወደ ፊት እስኪመጡ ድረስ ተገፍቶ እንደገና ይለካ። የሁለቱ ልዩነት የጎማዎቹን አቅጣጫ ይነግረናል።

6. የካስተሩ ማዕዘን በሁለቱም ጎን ተለክቶ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይነጻጸር። የሽብልቁም አቅጣጫ ይረጋገጥ።

7. የመሪ ሳጥኑ የሚነካው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ከዚያም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነትና በዚያው ፍጥነት ይፈተን። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው መኪናው ቢድንም ባይድንም ምክንያቱን አያውቀውም። በቤተ ሙከራ የምናስተምረው ሕግ በጋራዥም ያው ነው።

ወደ ሾፌሩ እንመለስ። አረጋዊው መካኒክ የረዳታቸውን ሐሳብ ሰምተው ዝም ካሉ በኋላ፣ «ባዶውን ነው ያልከኝ?» ብለው ደግመው ጠየቁት፤ ከዚያም ባሌስትራው ሥር ተንበርክከው ተመለከቱ። ሽብልቁ ወፍራም ጎኑን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ አዙሮ ነበር። መኪናውን ያዳነው አዲስ መለዋወጫ አልነበረም፤ በሁለቱም በኩል አንድ ቁራጭ ብረት አገላብጦ መግጠም ነበር። ታንጀንት የሚለውን ቃል ባይጠቀሙም የሠሩት ሥራ ፊዚክስ ነው።

አንባቢም በብስክሌት ሊሞክረው ይችላል። መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ መሪው በሚዞርበት ዘንግ አቅጣጫ ክር ወጥሮ እስከ መሬት ማድረስ ነው። ክሩ ጎማው ከሚረግጥበት ነጥብ ቀድሞ መሬት ሲነካ፣ ያች ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከዓይናችን ፊት ትታያለች።