ከውጭ የሚመጣ ሽብር ወይስ ከውስጥ የሚነሳ ግጭት? የሐምዳይት ድንበር የሚያሳየው ልዩነት

በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተከዜን ወንዝ ተሻግረው ሱዳን ለገቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያዋ ማረፊያ ሐምዳይት ነበረች። ኢትዮጵያ፣ ሱዳን እና ኤርትራ በሚገናኙበት ማዕዘን፣ በሱዳን የከሰላ ግዛት የምትገኘው ይህች የድንበር መንደር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የስደተኞች መተላለፊያ ሆነች።

በዚያው ሰሞን፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ሱዳንን ሽብርተኝነትን ከሚደግፉ አገራት ዝርዝር ሰረዘች። ሱዳን በዝርዝሩ ውስጥ የገባችው በ1985 ዓ.ም. ሲሆን፣ በወቅቱ የአል-ቃይዳ መሪ የነበረው ኦሳማ ቢን ላደን መኖሪያውን በካርቱም አድርጎ ነበር።

የሁለቱ ክስተቶች መገጣጠም በአጋጣሚ ነው። ሆኖም ይህ ድንበር ያስተናገዳቸውን ሁለት ዓይነት የደኅንነት ሥጋቶች ጎን ለጎን ያሳያል። አንዱ ከውጭ የሚመጣ ወይም በውጭ ርዕዮተ ዓለም የሚመራ ሽብር ነው። ሌላኛው ከአገር ውስጥ የፖለቲካ፣ የመሬት እና የማንነት ጥያቄ የሚነሳ የታጣቂዎች ግጭት ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱም ለዓመታት በአንድ ሕግ እና በአንድ ስም ሲጠሩ ቆይተዋል።

ለመሆኑ በምን ይለያያሉ? ልዩነቱስ ከድንበሩ ማዶ ለሚገኘው ስደተኛ ምን ትርጉም አለው?

ከውጭ የመጣው ሥጋት

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብጹ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲያመሩ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ፕሬዝዳንቱ በሕይወት ተርፈው ወዲያውኑ ወደ ካይሮ ተመለሱ። ሙከራው የተደረገው ጋማአ ኢስላሚያ በተባለው የግብጽ እስላማዊ ታጣቂ ቡድን ነበር።

ኢትዮጵያ የሱዳን ባለሥልጣናት እጅ አለበት ስትል ከሰሰች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም ሱዳን ተጠርጣሪዎችን አሳልፋ እንድትሰጥ በውሳኔ ቁጥር 1044 ጠየቀ፤ ቀጥሎም በውሳኔ ቁጥር 1054 ማዕቀብ ጣለ።

የዚያ ጥቃት ጦስ እስከ ገዳሪፍ እርሻዎች ደርሷል። የሁለቱ አገራት ግንኙነት ሲሻክር የኢትዮጵያ ኃይሎች ወደ ለሙ የአልፋሽጋ መሬት ዘልቀው ገቡ፤ ገበሬዎችም ተከትለው ማረስ ቀጠሉ። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ጦር አብዛኛውን የአልፋሽጋ መሬት መልሶ ተቆጣጠረ።

ሙባረክ ላይ ከተደረገው ሙከራ በኋላ አል-ኢቲሃድ አል-ኢስላሚያ የተባለው በሶማሊያ የሚንቀሳቀስ ቡድን አዲስ አበባ በሚገኘው ግዮን ሆቴል እና በድሬዳዋው ራስ ሆቴል ፍንዳታዎችን አድርሷል። ሐምሌ 1 ቀን 1988 ዓ.ም. ደግሞ የወቅቱ የትራንስፖርት እና መገናኛ ሚኒስትር ዶ/ር አብዱልመጂድ ሁሴን በጥይት ቆሰሉ።

ቦታውን የተካው አል-ሻባብ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እና የናይጄሪያ ብሔራዊ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በተጫወቱበት ዕለት፣ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ ቤት ውስጥ ሁለት ሶማሊያውያን ያዘጋጁት ፈንጂ በእነርሱው ላይ ፈነዳ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የቡድኑ ታጣቂዎች ከባኮል ግዛት ተነስተው ወደ ሶማሌ ክልል በመግባት ለቀናት ተዋግተዋል።

ከኢትዮጵያ ምድር ውጭም ኢትዮጵያውያን የዚህ ሽብር ሰለባ ሆነዋል። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢስላሚክ ስቴት (አይኤስ) ሊቢያ ውስጥ ክርስቲያን ኢትዮጵያውያንን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አሰራጨ፤ በአገሪቱም የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከመተማ በጋላባት፣ በገዳሪፍ እና በካርቱም አድርጎ ሊቢያ የሚያደርሰው መንገድ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሚጓዙበት ነው።

እነዚህ ጥቃቶች የሚጋሯቸው ባሕርያት አሉ። ዒላማቸው ብዙ ጊዜ ስማቸው በዓለም የሚሰማ ቦታዎች እና ሰዎች ናቸው፤ መሪ፣ ሆቴል፣ የስፖርት ዝግጅት። የአጥቂዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው። በሚያጠቁት ማኅበረሰብ ውስጥ ያላቸው ድጋፍም አነስተኛ ነው። ስለዚህም በመረጃ ሥራ፣ በድንበር ጥበቃ እና በጎረቤት አገራት ትብብር የመክሸፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።

ከውስጥ የተነሳው ሥጋት

ወደ ሐምዳይት የመጡት ስደተኞች ግን ከአል-ሻባብም ሆነ ከአይኤስ አልነበረም የሸሹት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በፌደራል መንግሥቱ እና በሕዝባዊ ወያኔ ሓርነት ትግራይ (ሕወሓት) መካከል ከተቀሰቀሰው ጦርነት ነው። ብዙዎቹ የመጡት ከሁመራ፣ ከማይካድራ እና ከአካባቢያቸው ነበር።

ማይካድራ የዚህን ሥጋት ባሕርይ በግልጽ ታሳያለች። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በከተማዋ በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 600 ሰዎች መገደላቸውን በመጀመሪያ ሪፖርቱ ገልጾ፣ 'ሳምሪ' የተባለውን የወጣቶች ቡድን ተጠያቂ አድርጓል። ሕወሓት ውንጀላውን አስተባብሏል። ሱዳን የገቡ የትግራይ ተወላጆች ደግሞ በሌላው ወገን ታጣቂዎች ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል።

ከዓመት በኋላ ኢሰመኮ እና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ በማይካድራ ከ200 በላይ የአማራ ተወላጆች በሳምሪ መገደላቸውን፣ በመቀጠልም በትግራይ ተወላጆች ላይ የበቀል ግድያ መፈጸሙን አስፍረዋል።

በዚህ ዓይነት ጥቃት ገዳይ እና ሟች ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም ማለት አይቻልም። በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ በአንድ የሰሊጥ ማሳ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ሰዎች የሚመረጡት በማንነታቸው ወይም በያዙት መታወቂያ ነው። ድንበር መጠበቅ ይህን አያስቆምም፤ ሥጋቱ ድንበር ተሻግሮ የመጣ አይደለምና።

የጉዳቱ መጠንም ይለያያል። የአፍሪካ ኅብረት ልዩ ልዑክ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በትግራዩ ጦርነት እስከ 600 ሺህ ሰዎች ሳይሞቱ እንዳልቀረ ተናግረዋል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች ተገድለዋል። መንግሥት ለጥቃቱ 'ሸኔ' ሲል የሚጠራውን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ቡድኑ ክሱን ውድቅ አድርጓል።

አንድ ዝርዝር፣ የተለያየ መጨረሻ

ሁለቱን ሥጋቶች ለማነጻጸር ከሚረዱ ማስረጃዎች አንዱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔዎች ናቸው።

ምክር ቤቱ በ2003 ዓ.ም. አምስት ድርጅቶችን በሽብርተኝነት ፈረጀ። አል-ቃይዳ፣ አል-ሻባብ፣ ግንቦት 7፣ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) እና የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻነት ግንባር (ኦብነግ) በአንድ ውሳኔ አንድ ላይ ሰፈሩ። የውሳኔው መሠረት የነበረው የ2001ዱ የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ጋዜጠኞች እና ጦማሪያን ጭምር የተከሰሱበት ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ሦስቱ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከዝርዝሩ ወጡ። በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩት የግንቦት 7 መሪ ብርሃኑ ነጋ (ፕ/ር) በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ።

ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕወሓት እና ሸኔ ተፈረጁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌደራል መንግሥቱ እና ሕወሓት በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሕወሓትን ከዝርዝሩ ሰረዘ። በማግስቱ የድርጅቱ ከፍተኛ አመራር ጌታቸው ረዳ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዝዳንት ሆነው ተሾሙ። መንግሥት ከሸኔ ጋርም በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለድርድር ተቀምጧል፤ ሁለቱም ዙሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል።

በሌላ አነጋገር፣ የአገር ውስጥ ታጣቂ ቡድን ዛሬ በሽብርተኛነት ቢፈረጅም ነገ የድርድር ወገን፣ ከነገ ወዲያ ባለሥልጣን ሊሆን ይችላል። ሕወሓት ራሱ ደርግን በተዋጋበት ዘመን ምሥራቅ ሱዳንን እንደ ደጀን ይጠቀም ነበር፤ 'ወንበዴ' ሲባልም ኖሮ በ1983 ዓ.ም. ከኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ጋር ሥልጣን ያዘ። አል-ቃይዳ እና አል-ሻባብ ግን ከ2003ቱ ውሳኔ ወዲህ ለኢትዮጵያ የድርድር ጥያቄ ሆነው አያውቁም።

ይህ ማለት ግን ከሽብር ቡድኖች ጋር ሁሉም በር ዝግ ነው ማለት አይደለም። በሶማሊያ የአል-ሻባብ ምክትል መሪ የነበሩት ሙክታር ሮቦው ቡድኑን ከለቀቁ ከዓመታት በኋላ በ2014 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነዋል። በሩ የተከፈተው ግን ከቡድኑ ለወጣ ግለሰብ ነው፤ ቡድኑ ራሱ ውጊያውን ቀጥሏል።

መስመሩ የሚደበዝዝበት ጊዜ

'የውስጥ' እና 'የውጭ' የሚለው ክፍፍል ሁልጊዜ የጠራ አይደለም። ኦነግ እና ግንቦት 7 ከኤርትራ ይንቀሳቀሱ ነበር። ናይጄሪያ ውስጥ የተወለደው ቦኮ ሃራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ2015 ለአይኤስ ታማኝነቱን አውጇል። እአአ በ2015 በኬንያ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎችን ከገደሉት የአል-ሻባብ ታጣቂዎች አንዱ ሕግ የተማረ ኬንያዊ ነበር።

የምዕራቡ ዓለምም ከዚህ ጥያቄ ጋር ይታገላል። አሜሪካ ከመስከረም አንዱ ጥቃት በኋላ ትኩረቷን በውጭ ቡድኖች ላይ አድርጋ ብትቆይም፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቷ እአአ በ2020 ባወጣው ግምገማ ከአገር ውስጥ ጽንፈኞች መካከል ነጭ የበላይነትን የሚያራምዱት ዘላቂ እና ገዳይ ሥጋት መሆናቸውን አስታውቋል። ቀደም ሲልም እአአ በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ 168 ሰዎችን የገደለው ፈንጂ የአሜሪካውያን ሥራ ነበር።

የኢትዮጵያ ልዩነት የአገር ውስጥ ሥጋቱ ከጥቂት ግለሰቦች ሴራ አልፎ የክልሎችን አስተዳደር፣ መሬትን እና መደበኛ ያልሆኑ ኃይሎችን የሚያካትት መሆኑ ነው። በአማራ ክልል ከፋኖ ጋር የሚደረገው ውጊያ ለዚህ ማሳያ ነው። መንግሥት ታጣቂዎቹን 'ጽንፈኛ' ይላቸዋል፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ደንግጓል። እነርሱ ደግሞ ራሳቸውን የሕዝባቸው ህልውና ተከላካይ አድርገው ያቀርባሉ።

ስም መቀየሩ ለስደተኛው ምን ለወጠ?

ሱዳን ከገቡት ከ60 ሺህ በላይ ስደተኞች ብዙዎቹ ከሐምዳይት ወደ ገዳሪፍ ግዛት ተወስደው በኡም ራኩባ እና በቱናይድባህ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ዘመንም ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ስፍራ ነው።

በጦርነቱ ወቅት የኢትዮጵያ መንግሥት ከማይካድራው ግድያ ፈጻሚዎች መካከል በእነዚህ መጠለያዎች የተደበቁ አሉ ይል ነበር። እንዲህ ያለ ክስ ተጠርጣሪውን ከንጹሁ ሳይለይ በመላው መጠለያ ላይ ጥላ ያጠላል። በግለሰብ ደረጃ የሚጣራ የወንጀል ጥያቄ በቡድን ስም ሲነገር፣ ከልጆቿ ጋር ወንዝ የተሻገረች እናትም በተጠርጣሪነት ትታያለች።

ሕወሓት ከዝርዝሩ ሲሰረዝ ስያሜው በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ተነሳ። ስደተኞቹ ግን በማግስቱ አልተመለሱም። የመጡበት አካባቢ የትግራይ እና የአማራ ክልሎች የሚወዛገቡበት ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጉዳዩ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ቢያዝም፣ ቤታቸውን ጥለው የወጡት ሰዎች ማን እንደሚያስተዳድራቸው እና ማን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ መመለስ ይፈራሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ መጠጊያ የሆነችው አገር ራሷ ስደተኛ አመነጨች። ገዳሪፍ ከካርቱም እና ከሌሎች ግዛቶች የተፈናቀሉ ሱዳናውያንን ስትቀበል፣ በመተማ በኩል ኢትዮጵያ የገቡ ስደተኞች በምዕራብ ጎንደር በኩመር እና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በዚያም ከታጣቂዎች ዝርፊያ እና ጥቃት አላመለጡም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች ደኅንነታችን አልተጠበቀም በማለት የአውላላን መጠለያ ለቀው ወጥተዋል።

በዚህ ድንበር በሁለቱም አቅጣጫ የተጓዙት ሰዎች ተሞክሮ ተመሳሳይ ነው። ዓለም አቀፍ የሽብር መረብ ጥቃት ሲያደርስ ስሙ ርቆ ይሰማል፤ የጸጥታ ተቋማትም በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። ከተማን ባዶ የሚያደርገው ግን በአብዛኛው ከቅርብ የሚነሳው ግጭት ነው። የመጀመሪያውን ለመከላከል ድንበር ጠባቂ፣ የመረጃ ሠራተኛ እና ፍርድ ቤት ያስፈልጋሉ። ሁለተኛውን ለማስቆም ደግሞ ከእነዚህ በተጨማሪ የመሬት እና የአስተዳደር ጥያቄን የሚፈታ ድርድር፣ ወንጀል የፈጸሙትን በስማቸው የሚጠይቅ ፍትሕ፣ ለተመላሹም ማንነቱን ሳይጠይቅ የሚጠብቀው ፖሊስ ያስፈልጋሉ።

የሁመራ እና የማይካድራ ስደተኞች መመለስ አለመመለስም የሚወሰነው በእነዚህ ነገሮች ነው።