ቁልቁለት ላይ ደካማ መኪና ለምን ያሸንፋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የመጣ ሰው የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ጎሐ ጽዮን ካለፈ በኋላ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ እያጓራ ከሺህ ሜትር በላይ ያለውን ቁልቁለት ኩርባ በኩርባ ይወርዳል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ፣ ያውም በሌሊት፣ ስለሚደረግ እሽቅድምድም አንድ ሙሉ ፊልም ተሠርቷል ብላችሁስ?

ፊልሙ «ኢኒሻል ዲ፦ ሰርድ ስቴጅ» ይባላል፤ ጃፓናዊ አኒሜሽን ነው፤ የወጣው በ2001 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምንጩ ሹይቺ ሺጌኖ ከ1995 እስከ 2013 በመጽሔት ያወጣው፣ 48 ቅጽ የሞላ የሥዕል ታሪክ ነው። መጀመሪያ በ1998 በ26 ክፍል፣ ቀጥሎ በ1999 በ13 ክፍል ለቴሌቪዥን ተሠራ። ፊልሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያለፈውን ግን አይተርክላችሁም። ስለዚህ ከእሱ አትጀምሩ።

ታኩሚ ፉጂዋራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። አባቱ ቶፉ ይሸጣል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ ቶሎ የሚፈርስ ምግብ። ልጁ ከ13 ዓመቱ ጀምሮ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው፣ ጎህ ሳይቀድ ቶፉውን ተራራ ላይ ላለ ሆቴል ያደርሳል። አባትየው መኪናው ውስጥ ውኃ የሞላ ኩባያ ያስቀምጥለታል፤ ውኃው ከፈሰሰ ቶፉውም ፈርሷል ማለት ነው። ልጁ ፍሬን ሲይዝም መሪ ሲያዞርም ሳያንገጫግጭ መንዳት የተማረው እንዲህ ነው።

መኪናዋ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ቶዮታ ስፕሪንተር ትሩኖ ትባላለች፤ የኮሮላ ዘር ስለሆነች ለዲኤክስ የአጎት ልጅ በሏት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 130 ፈረስ ገደማ። በተከታታዩ ከገጠሟት መኪኖች አንዷ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን 3 ናት፦ ቱርቦ ያላት፣ አራቱም ጎማ የሚነዳት፣ 270 ፈረስ ጉልበት!

ታዲያ እንዴት ትቋቋማታለች? ዳገት ላይ ክብደቱን ወደ ላይ የሚያነሳው ሞተሩ ስለሆነ ጉልበት ያለው ይቀድማል። ቁልቁለት ላይ ግን የመሬት ስበት ሁሉንም በነፃ ይገፋል። ፈተናው ወደ ፍሬንና ወደ ጎማ ይዞራል። ከባድ መኪና ለመቆም ብዙ ይለፋል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ጎማው ይደክማል፤ ስለዚህ ኩርባው ገና ሩቅ ሳለ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ቀላሏ ትሩኖ ግን ጠጋ ብላ ፍሬን ትይዛለች። የዓባይ በረሃ ሾፌሮችም ማርሽ የሚቀንሱት ለዚሁ ነው፤ መኪናውን ሞተሩ ካልያዘላቸው ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይላል።

ሁለተኛው ምስጢር የሚገፋው ጎማ ነው። ትሩኖ የምትገፋው በኋላ ጎማዎቿ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ኋላዋ ይቀላል፤ ያኔ የኋላ ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ። ነጂው መሪውን በተቃራኒው ይመልስና ነዳጅ እየሰጠ ሸርተቴውን ይቆጣጠራል። ድሪፍት የሚባለው ይኸው ነው። እውነተኛው ተወዳዳሪ ኬይቺ ትሱቺያ ሥራውን በአማካሪነት ስላገዘ ይህ ክፍል ከልብ የተሠራ ነው። (ዓባይ በረሃ ላይ እንዳትሞክሩት! በ2008 በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ለዚህ አልተሠራም።)

በፊልሙ ውስጥ ግን ትሩኖ የድሮዋ አይደለችም። በሁለተኛው ምዕራፍ ኢቮሉሽኗን ስታሳድድ ሞተሯ ፈንድቷል፤ አባትየው በደቂቃ እስከ 11000 ዙር የሚሽከረከር የውድድር ሞተር ገጥሞላታል። ታኩሚ በዚህ ሞተር የኢቮሉሽኗን ነጂ ሰፈሩ ድረስ ሄዶ ይገጥመዋል፤ ኢሮሃዛካ በሚባል እውነተኛ መንገድ ላይ። መንገዱ በመውጫውና በመውረጃው በድምሩ 48 ኩርባ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ ከጥንታዊው የጃፓን ፊደል አንድ አንድ ሆሄ ተለጥፏል። የዓባይ ኩርባዎችም ሀ፣ ሁ፣ ሂ ቢባሉ ተሳፋሪው እየቆጠረ ይወርድ ነበር። እዚያው ሌላ ወጣት ይጠብቀዋል፦ ካይ ኮጋሺዋ፣ የአባቱ የድሮ ተፎካካሪ ልጅ። ካይ ኩርባውን ቆርጦ መኪናዋን ወደ ታችኛው መንገድ ያዘልላታል። እዚህ ላይ የፊዚክስ ትምህርታችንን እንዘጋለን፤ ይኼማ ፊልም ነው።

ሰዎቹ በእጅ የተሣሉ፣ መኪኖቹ በኮምፒዩተር የተሠሩ ናቸው። በ1998ቱ ተከታታይ ሁለቱ አልተዋሃዱም ነበር፤ ፊልሙ ላይ በጣም ተሻሽሏል። ፈጣኑ የዳንስ ሙዚቃ፣ ዩሮቢት የሚሉት፣ በብዛት የጣሊያኖች ሥራ ነው።

ግማሹ ፊልም እሽቅድምድም አይደለም፤ ትምህርት ማጠናቀቅና ናትሱኪ ከምትባል ልጅ ጋር ያለ ፍቅር ነው። አንዳንዱ ተመልካች እዚህ ይሰለቻል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ መኪና ግድ የማይሰጠው ልጅ እሽቅድምድምን ሥራዬ ብሎ ይይዘው እንደሆነ የሚወስነው እዚያ ነውና። ሪዮሱኬ ታካሃሺ የሚባል ነጂ ወደሚያቋቁመው የእሽቅድምድም ቡድን ጋብዞታል። መልሱን አልነግራችሁም፤ በ2004 በቴሌቪዥን የቀጠለውን ምዕራፍ ስትከፍቱ ግን በመጀመሪያው ክፍል ታገኙታላችሁ።