የጓሮ ወፎችና የሰላጣው ችግኝ

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን ያገሩን ወፍ ጩኸት ለይቶ የሚያውቅ ስንት ነው? እኛም ከዩኒቨርሲቲ በወጣን ማግሥት ራሳችንን ብንመረምር፥ በመስኮታችን ሥር የምትጮኸውን «ወፍ ናት» ከማለት በቀር አንዳች የማናውቅ ሆነን ተገኘን።

ለዚህ ያነቃን አንድ የጓሮ ክርክር ነው። አዲስ አበባ በተከራየንበት ግቢ፥ ባለቤቲቱ እናት ጎመንና ሰላጣ ይተክላሉ፤ አጥሩም የቆየ ኮሸም ነው። አንድ ቀን የሰላጣው ችግኝ ተቀርጥፎ ቢያገኙት «ልጄ፥ ወፉን የሚያስጠጋብኝ ይህ ኮሸም ነው፤ ቅዳሜ አስቆርጠዋለሁ» አሉን። «እማማ፥ አንድ ሳምንት ይታገሡን፤ የበላውን ለይተን እንንገርዎ» ብለን ለመንናቸው። «ተምራችሁ ተምራችሁ ወፍ ጠባቂ ልትሆኑ ነው?» ብለው ስቀው ፈቀዱልን።

ከጧቱ በ12 ሰዓት ደብተራችንን ይዘን እደጃፉ እንቀመጥ ዠመር። በሁለተኛው ቀን ጥፋተኛው ተያዘ፤ ይኸውም ጅራተ ረጅም፥ ጉትያ ያለው፥ በመንጋ የሚዞር ግራጫ ወፍ ነው። ቅጠልና ፍሬ ይበላልና የእማማ ክስ እውነት ነበረ።

የሆነ ሆኖ ሌሎችም መጡ። ቀጭን ጠማማ መንቁር ያለው፥ በጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ እየጮኸ ወርዶ፥ መሬቱን እየወጋ ትልና እጭ ሲለቅም አየነው። ይህ ወፍ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ እንጂ በሌላ አገር አይገኝም። በራስ ክምሩ አበባ ላይ ደግሞ ማር የምትመጥጠው ትንሽ ወፍ ትመላለሳለች፤ እርሷም ከአበባው ማር ሌላ ነፍሳትን ትለቅማለች። አረንጓዴው ትንሽ በቀቀንም ከጎረቤት ጽድ ላይ ታየ፤ ግምባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው።

ሳምንቱ ሲፈጸም ደብተሩን ለእማማ አነበብንላቸው። ጥፋተኛውን አልሸሸግንም፤ ነገር ግን አንዱ ስለ በደለ ሁሉ አይሰደድም አልን። እሳቸውም ጥቂት አስበው ችግኙን እስኪጠነክር ድረስ በአሮጌ መረብ ሸፈኑት፤ ኮሸሙም ተከረከመ እንጂ አልተቆረጠም። ዛሬ «ያ ጢማሙ መጣ?» ብለው የሚጠይቁን እሳቸው ናቸው።

ጓሮ ያለው አንባቢ እንዲህ ቢያደርግ ይጠቀማል። ኮሸም፥ ቀጋ፥ ወይራ የመሰለውን ያገር ተክል አይንቀል፤ ለወፍ ምግብም መጠጊያም ነውና። በዝርግ ሳሕን ውሃ ያኑር፥ በየቀኑም ይለውጠው። ከሁሉ ይልቅ ከመርዝ ይጠንቀቅ፤ በመርዝ የሞተችውን አይጥ ጉጉት ቢበላት እርሱም ይሞታልና። በከተማችን ሰማይ የሚያንዣብበው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ፈጽሞ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተመድቧል፤ ዋነኛው ምክንያትም መርዝ ነው።

ዕውቀትም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ይገኛል። ኤሚል አርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 እዚሁ አዲስ አበባ፥ በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ አሳትመዋል። በ2009 ደግሞ ሬድማን፥ ስቲቨንሰንና ፋንሾ ስለ አፍሪቃ ቀንድ አዕዋፍ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ። የሩቅ ማያ መነጽር ቢገኝ መልካም፤ ባይገኝ ዓይንና ደብተር ለመዠመሪያ ይበቃሉ።

እኛ ወጣቶች ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ዛፍ መቆረጥና ስለ መሬት መሰጠት ፊርማችንን የምናኖር ነን። በገዛ ጓሮው የሚኖረውን ያልለየ ሰው፥ በወረቀት ላይ ምን እንደሚያጠፋ እንደ ምን ያውቃል? እንግዲህ ከፊርማው በፊት አንድ ሳምንት መመልከት ይቅደም።