ቲክን የሚጎዳው ብሩሹ ነው

እ.ኤ.አ. በ1817 ቦምቤይ ላይ ተሠርታ ባሕር የነካችው ትሪንኮማሊ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ዛሬም በሃርትልፑል ወደብ ውሃ ላይ ናት። ለዚህ ዕድሜ ካበቋት ነገሮች ዋናው የተሠራችበት የቲክ እንጨት ነው።

ቲክ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ነው። እምብርቱ በተፈጥሮ ቅባት የራሰ ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አይሰርገውም፤ በውስጡ ያሉ ኬሚካሎችም ምስጥንና ፈንገስን ያርቃሉ።

ይህን የመሰለ እንጨት የጀልባ ወለል ሆኖ ውሎ ሲያድር ወርቃማ መልኩን ጥሎ ግራጫ ይሆናል፤ ባለቤቱም ይደነግጣል። ግራጫነቱ ግን በሽታ አይደለም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የእንጨቱን ቃጫዎች እንደ ሙጫ የሚያያይዘውን ሊግኒን ይሰባብራል፤ የተሰባበረውን ዝናብ ያጥበዋል፤ የነጣው ቃጫ ላይ ላዩን ይቀራል። ከሥሩ ያለው እንጨት ጤነኛ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ከድንጋጤው በኋላ ነው። ቲክ ሲያድግ ለስላሳና ጠንካራ ንብርብር ያፈራርቃል። በሸካራ ብሩሽ ወይም በኃይለኛ የውሃ ግፊት ሲታጠብ ለስላሳው ተፍቆ ይሄድና ወለሉ የታረሰ ማሳ ይመስላል። በትልሞቹ ውስጥ ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ ሻጋታ ያበቅላል፤ ባለቤቱም እንደገና ይፈትገዋል። ለማስተካከል የብርጭቆ ወረቀት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ንብርብር ይነሳል። በብዙ ዘመናዊ ጀልባዎች ላይ የቲኩ ውፍረት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ይህ ብዙ ጊዜ ሊደገም አይችልም።

ትክክለኛው አያያዝ ቀላል ነው። ለስላሳ ስፖንጅ፣ ትንሽ ለዘብ ያለ ሳሙናና የባሕር ውሃ ይበቃል። የሚታሸው በቃጫው አቅጣጫ ሳይሆን አግድም ነው፤ እንዲህ ሲሆን ለስላሳው ክፍል ተፍቆ አይወጣም። የባሕር ውሃ ጨው እርጥበት ስለሚይዝ ሳንቃዎቹ አይኮማተሩም፤ ሻጋታም ጨው አይስማማውም። ብርቱ አሲድና አልካሊ ያለባቸው ማጽጃዎች ግን ቆሻሻውን ከእንጨቱ ጋር ይበሉታል።

የቲክ ዘይት ተብሎ የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከቲክ የተጨመቀ አይደለም፤ የተልባና የመሳሰሉት ዘይቶች ቅልቅል ነው። ፀሐይ ላይ ይጠቁራል፣ ለሻጋታም ምግብ ይሆናል።

ስለዚህ ወለሉ ሲሸብት ብሩሽ ከመፈለግ በፊት በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ጥቁር ማሸጊያ ጎንበስ ብሎ መመርመር ይሻላል። እዚያ ከተሰነጠቀ ውሃ ወደ ታች ገብቶ ከቲኩ ሥር ያለውን አካል ያበሰብሳል። ጀልባን የሚገድለው ሽበቱ ሳይሆን ይህ ስንጥቅ ነው።