«1780» የሚል ጠገራ ብር አለኝ… ሀብታም ነኝ?

በየቤቱ ሣጥን ጥግ ከአሮጌ ፎቶግራፍ ጋር የተቋጠሩ ሳንቲሞች አይጠፉም። አንዳንዱ የአያት ነው፤ አንዳንዱ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ሰሞኑን ታዲያ ወጣቶቻችን እነዚህን ቋጠሮዎች መፍታት ይዘዋል። «አሮጌ ሳንቲም በዶላር ይገዛል» የሚል ወሬ ነፍሶ ነዋ! እኔም አሮጌ ሳንቲም ማጠራቀም ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ «ይሄ ስንት ያወጣል?» ባዩ በዝቶብኛል። ለሁሉም የምነግረው አንድ ነው፤ ማርጀትና መወደድ ለየቅል ናቸው። እንዲያውም ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ራሱ አታላይ ነው።

የሞተችው ንግሥት ብር

ጠገራ ብር ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያዋ ማርያ ትሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ በመልኳ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ወጣ። ለምን ቢሉ፣ እኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ገበያተኛ የለመደው መልክ ካልሆነ «አልቀበልም» ይል ነበር። በጌጧና በትከሻዋ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ሳይቀር ይቆጥር ነበር አሉ! ስለዚህ ቪየና ብቻ ሳትሆን ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይም መቱት። ጣልያንም አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮማ ላይ ማስመታት ጀመረ። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። እንግዲህ «1780» የሚል ብር የቅድመ አያት ሊሆን ይችላል፤ የቅርብ ጊዜም ሊሆን ይችላል።

የእኛውም ሳንቲም ያው ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው ሳንቲሞች ፲፱፻፴፮ ይላሉ። 1936 መሆኑ ነው፤ ያውም በእኛ አቆጣጠር። «የጣልያን ጊዜ ነው» የሚላችሁ ሰው የፈረንጁን 1936 እያሰበ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እስኪወርዱ ድረስ ያው ዓመት ሳይለወጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሳንቲም ተመትቷል። ብርቅ የሚሆነው ከየት መጥቶ?

የሠርጉ ገንዘብ

ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣ። ሠርጉ ሦስት ወር ቀርቶታል። «ጋሼ፣ አንድ ሰው 20 ጠገራ ሊሸጥልኝ ነው። የ1780 ናቸው! ለውጭ አገር ሰው በእጥፍ እሸጣቸዋለሁ» አለኝ። የሚከፍለው ከየት ነው? ከእጮኛው ጋር ለሠርግ ካጠራቀሙት! «እሷ ታውቃለች?» ስለው መሬት መሬቱን አየ።

«ገንዘብህን ቤት ተውና ሰውየውን ወርቅ ቤት ቅጠረው» አልኩት። ሻጩ «የአያቴ ናቸው» እያለ እየማለ መጣ። ወርቅ ሠሪው አንዱን ሚዛን ላይ አስቀመጠው፤ 22 ግራም! ሁለተኛውም እንደዚያው። ጠርዛቸው ደግሞ ልሙጥ ነው። እውነተኛው ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለበት። ሰውየው ሳንቲሞቹን ሰብስቦ «ስልክ አለብኝ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ልጁ ላቡን ጠረገ። ሠርጉም ተረፈ።

ማግኔትም ይረዳል። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። ስላልሳበው ግን ብር ነው ማለት አይደለምና ሚዛኑን አትርሱ።

ታዲያ ዋጋው ከምን ይመጣል?

አንደኛ ከማዕድኑ። ጠገራ ብር ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ አንዱ ውስጥ 23 ግራም ከግማሽ ያህል ብር አለ። ወርቅ ቤት ሄዳችሁ የአንድ ግራም ብርን የዕለት ዋጋ ጠይቁና አባዙት። ተራ ጠገራ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛ ከቁጥሩ ማነስ። የ1936ቱ ስሙኒ መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር። መጠኑ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር እየተመሳሰለ ስላስቸገረ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ተደረገ። ሁለቱም 1936 ይላሉ፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ግን ክቡን ነው፤ ጥቂት ነዋ! እንደዚሁ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የተመታውና በደንብ የተጠበቀው የምኒልክ ብር ከተራ ጠገራ ይበልጣል።

ሦስተኛ ከመልኩ። የአንበሳው ጎፈርና የንጉሡ ፀጉር መስመር በመስመር ከታየ ዋጋ አለው። በእጅ ብዛት ተልጎ ከጠፋ፣ ወይም ለአንገት ጌጥ ከተበሳ ይወርዳል።

አራተኛ ከገዢው። ሻጭ የጠራው ዋጋ ዋጋ አይደለም። «ይሄን ያህል ይባላል» ሳይሆን «በስንት ተሸጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴውም ማትረፍ አለበትና ከዚያ አሳንሶ ነው የሚገዛችሁ።

አደራ፣ አትፈትጉት!

ሰው ሳንቲሙን ሊያሳየኝ ሲመጣ በአመድና በሎሚ ፈትጎ፣ አብለጭልጮ ያመጣዋል። ወይኔ! ያ በዕድሜ የመጣ ጠቆር ያለ ቀለም እኮ የሳንቲሙ ልብስ ነው። ከተፈተገ አይመለስም፤ ዋጋውም አብሮ ይፈተጋል። ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ እዩት፤ ደረቅ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አኑሩት። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ሲቆይ አረንጓዴ ቅባት ያበጅበታል።

«የአክሱም ሳንቲም ልሽጥላችሁ» ያላችሁ ካለ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ያ ቅርስ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ትርፍ ስትሉ ወህኒ እንዳትገቡ!

ለጀማሪ የምመክረው ቀላል ነው። የ1936ቱን አንድ፣ አምስት፣ አስር፣ ስሙኒና ሃምሳ፣ ከዚያ የደርጉን የ1969 አምስቱን አሟሉ። በበሬ የሚያርሰው ገበሬ ያለበት አንድ ሳንቲም አልሙኒየም ነው፤ በላባ ሚዛን! አስሩን ስታሟሉ ማየትና መለየት ትለምዳላችሁ። «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለው ቤሳ ራሱ ሳንቲም እንደነበረም ያኔ ይገባችኋል። የአያታችሁን ቋጠሮ ግን ለመሸጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ እናታችሁን ቁጭ አድርጋችሁ «ይሄ ከየት መጣ?» በሏት። ወርቅ ቤት የማይመዘነው እሱ ነው።