በጾም ወራት፣ በድሬስደን ገበያ

ጌዶ ላደገ ሰው ብርድ አዲስ አይደለም፤ የድሬስደን የታኅሣሥ ብርድ ግን ጣት ያደነዝዛል። ገበያተኛው ሁሉ ኩባያውን በሁለት እጁ አቅፎ የሚቆመው ለዚህ ነው። ውስጡ በቀረፋና በቅርንፉድ የሞቀ ቀይ ወይን አለ። ለኩባያው መያዣ ይከፈላል፤ ሲመልሱት ገንዘቡም ይመለሳል።

ገበያው ሽትሪትስልማርክት ይባላል። በእነሱ አቆጣጠር በ1434 የተጀመረ ሲሆን፣ በጀርመን ካሉት የገና ገበያዎች አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ ነው። በእጅ የተቀረጸ የእንጨት አሻንጉሊት፣ ሻማ፣ ቋሊማ ይሸጥበታል። የእኔን ልብ የያዘው ግን ሽቶለን የሚሉት ዳቦ ነው። ዛሬ ቅቤና ዘቢብ የጠገበ ነው፤ ጥንት ግን የጾም ዳቦ ነበር! ከገና በፊት ባለው ጾም ቤተ ክርስቲያን ቅቤ ስለምትከለክል፣ በዱቄት፣ በእርሾና በውሃ ይጋገር ነበር። የሳክሶኒ ገዢዎች ሮም ድረስ አቤት ብለው በ1491 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ቅቤውን ፈቀዱላቸው። እናቴ ከጌዶ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ጾመ ነቢያትን መያዜን ነው። ይህን ታሪክ ስነግራት፣ «ታዲያ እነሱም የእኛው ናቸዋ!» አለች። እኔም እንደዚያው ተሰምቶኛል።

ጿሚ እንግዳ ሽቶለኑን ገዝቶ ለገና ያቆየው፤ ለሳምንታት አይበላሽም። እስከዚያ በስኳር የተቆላ አልሞንድ አለ። ጉዞውን ለእኛ ገና፣ ለታኅሣሥ 29 ያቀደ ግን ገበያውን አያገኘውም። የሚዘጋው በእነሱ ዋዜማ፣ አብዛኛውን ዓመት ታኅሣሥ 15 ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ሱቆችም ስለሚዘጉ አስቤዛ ቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል።