ብቻዬን በኢስታንቡል

 

ሰው ብቻውን ከአገሩ ሲወጣ ከምግቡም ከመኝታውም በፊት የሚናፍቀው ሰላምታውን ነው። ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325፣ በ21 ዓመቱ፣ ለሐጅ ከጣንጃ ብቻውን ተነሣ። ቱኒስ ሲደርስ ሰዉ እርስ በርሱ ሰላም ሲባባል እሱን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ፤ አለቀሰ። ያጽናናው ሁኔታውን አይቶ ቀርቦ ሰላም ያለው አንድ ሐጅ ተጓዥ ነበር።

እኔም ኢስታንቡል ሦስት ቀን ስቆይ ከሆቴሉ ሠራተኛ በቀር ያነጋገረኝ አልነበረም። ቱርክኛ አልችልም። በአራተኛው ቀን ለመግሪብ ሱለይማኒያ መስጂድ ገባሁ፤ ሲናን የሚባለው ታላቅ መሐንዲስ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1557 የተጠናቀቀው ነው። ኢማሙ ፋቲሓን ሲጨርሱ ሰፉ በሙሉ ጸጥ አለ። በሐነፊ መዝሀብ «ኣሚን» የሚባለው በለሆሳስ ነውና፣ የኔ የሻፊዒዩ ድምፅ ብቻዋን ተሰማች።

ከሶላት በኋላ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ሐበሻ» አልኳቸው። «ቢላል!» አሉና እጄን አጥብቀው ያዙ። ሌላ የጋራ ቃል አልነበረንም፤ ግን ያን ማታ ብቸኝነቱ ለቀቀኝ።

ወጣቶች ሆይ! ብቻችሁን ስትጓዙ ሰላምታን እናንተ ጀምሩ፤ ሰው እስኪጀምርላችሁ አትጠብቁ። እኛ አገር ቤት ያለነውስ? በየመስጂዳችን ጥግ ብቻውን የተቀመጠ እንግዳ አይጠፋም። ጫማችንን ከማንሣታችን በፊት ወደሱ ዞር እንበል።